ፀሐይ በአሸንዳ

ሰኔ 9

ይህን ለሰው ባወራው «በላይነህ ለየለት» ይሉኛል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዛሬ ጧት ለአንድ ደንበኛ የሠራሁትን የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ መገጣጠሚያውን ልመረምር በአንዱ ጫፍ አጮልቄ አየሁ። የሱቁ በር ክፍት ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ፀሐይ ወጣ ብላለች። ቱቦው አዲስ ላሜራ ስለሆነ ውስጡ ያብረቀርቃል። አቤት! በበሩ በኩል የገባው ብርሃን ተንከባሎ መጥቶ ዓይኔን ወጋኝ። ራሴን ዞር ሳደርግ፣ ቁርጥራጭ የምጥልበት ጨለማ ጥግ ላይ ሰፌድ የሚያህል ብርሃን ቁጭ ብሏል። ካቻምና የጠፋብኝን መዶሻ እዚያ አገኘሁት!

ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጣራ ላይ ውሃ ሳወርድ ኖርኩ። ውሃ በአሸንዳ ከወረደ ፀሐይስ ለምን አትወርድም?

ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል አልሠራሁም። ደንበኛው መጥቶ ጮኸብኝ። ይጩህ።

ሰኔ 10

ጎረቤቴ ጀማል፣ መስታወትና የሕንፃ ዕቃ የሚሸጠው፣ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ፈረንጆቹ ቀድመውኛል። ከጣራ እስከ ጓዳ በቱቦ ፀሐይ ያስገባሉ፤ እንዲያውም በፋብሪካ ነው የሚያመርቱት። በገንኩ! «አይዞህ በላይ፣ ሐሳብህን በሕልምህ ገብተው ሰርቀውህ ነው» አለኝ ይሄ ቀልደኛ። ቡና እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ማታ ላይ ግን ንዴቱ ወደ ደስታ ዞረ። እነሱ ከሠሩት ነገሩ ይሠራል ማለት ነው!

ሰኔ 12፣ ማታ

ደብተርም ቢሆን ነገሩን ከሥሩ ካላወቀ ምን ይረባል። ቤቴን ላስተዋውቀው።

ቤታችን ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ጠባብና ረጅም ነው። በግራ በኩል ጎረቤት እስከ ግድግዳችን ድረስ ብሎኬት ገጠገጠ። በቀኝ መጋዘን ተሠራ። መስኮት የነበረው ሁሉ አሁን ግንብ ያያል። ሳሎኑ ከበሩ ትንሽ ብርሃን ይለምናል፤ ከሳሎኑ ኋላ ያለው ጓዳ ግን ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። መብራት አለን፤ ማለቴ ሲኖር አለን። ክረምት ከገባ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል።

እዚያ ጓዳ ውስጥ የሚኖሩት እማማ ፈንታነሽ ናቸው፣ የባለቤቴ የፍቅርተ እናት። ፍቅርተ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላት። ልጅ አልሰጠንም እግዜር። እሷ ስትሄድ እኔና አማቴ በአንድ ጣራ ሥር ቀረን። ሰው ይገርመዋል። እኛ ግን በወጉ ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ከፊቴ ሲሆኑ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስባሉ፣ እኔም አማች ነኝና ሳናግራቸው መሬት መሬት አያለሁ። አባቴም ከአያቴ ጋር እንዲሁ ነበር። አማቱን ዓይን ለዓይን የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ደፉ አደናቅፏቸው ወደቁና ዳሌያቸው በለዘ። የፍቅርተ ታናሽ የሺ፣ ባሕር ዳር ያለችው፣ ወሬው ደረሳት። ደውላ «ጋሼ በላይ፣ ለቡሄ እመጣለሁ። ስመለስ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። ያ ጓዳ መቃብር ነው። አንተም ነፃ ትወጣለህ» አለችኝ።

ነፃ! ማን ታስሬያለሁ አላት?

ለራሴ ብዬ አይደለም። ብቻዬን መኖር አያቅተኝም፤ ወጥ መሥራትም አውቃለሁ። ግን እኒህን ሴት ከደብራቸውና ከማኅበራቸው ነቅሎ ፎቅ ላይ መስቀል ግፍ ነው። የጥፋቱ ሁሉ ጥፋት የጨለማው ነው። ጨለማውን ካስወጣሁት የሺ ምን ሰበብ ይቀራታል? እስከ ቡሄ ሁለት ወር አለ። ይደረሳል!

ሰኔ 15

ቸኩያለሁ። ክርን ያለው ቱቦ አይሆንም። ብርሃን እንደ ውሃ አይደለም፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ቀጥ ማለት አለበት። ላሜራው ብቻውንም ያደበዝዛል። ጀማል ከመጋዘኑ እንደ መስታወት የሚያበራ ስስ አልሙኒየም አወጣልኝ፣ ውስጡን አለበስኩት። እጄ ተቆራርጧል። ደስ ብሎኛል!

ሰኔ 20

ሠራ! ሠራ! ሠራ!

በእማማ ጣራ ላይ መጀመሪያ አልሞክርም ብዬ ጀማል ቤት ነው የተከልኩት። የጀማል ሚስት ዘቢባ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ጣራውን በክብ ቀደድኩ፣ ቱቦውን አወረድኩ፣ ላዩ ላይ ጎድጓዳ የብርጭቆ ሳህን ደፋሁበት፤ ታቹን ኮርኒሱ ላይ በነጭ ፕላስቲክ ክዳን ገጠምኩት፣ ብርሃኑ እንዲበተን። ዙሪያውን ሬንጅ ቀባሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከጉና ተራራ በኩል ያጉረመርማል። እና ዘቢባ ቁጭ ብላ ጥቁር ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባች! በአንድ ጊዜ! ምራቅ እንኳ ሳታስነካው!

«አላህ ይስጥህ ጋሽ በላይ፣ አላህ ዓይንህን ያብራልህ» እያለች መረቀችኝ። ጀማል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «አለቀልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስትቆጣኝ ፊቷን ላየው ነው» አለ።

ከጣራው ስወርድ መሰላሉን ስቼው ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅኩ። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደሳቅኩ አላውቅም።

ሰኔ 24

እማማ እንቢ አሉ። «ጣራዬን አትንካብኝ ልጄ፤ በክረምት ልታዘንብብኝ ነው?» አያንጠባጥብም ብዬ ማልኩ። «እኔ ጨለማውን ለምጄዋለሁ፣ ምንም አላለኝ» አሉ። ለየሺ ሰበብ እንዳንሰጣት ነው ስላቸው «እንግዲህ ደስ ካለህ» አሉኝ።

ነገ!

ሰኔ 25፣ ማታ

ገባ። የፀሐይ ብርሃን ጓዳችን ገባ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጻፍ። ጣራው ላይ ሆኜ ሁሉንም ከገጠምኩ በኋላ ሬንጁ እስኪደርቅ ብዬ ላዩን በጆንያ ሸፍኜው ነበር። ከላይ ሆኜ «እማማ! እንዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ከሥር «እሰይ! እሰይ ልጄ! ወገግ አለ! ቤቱ ቀን ሆነ!» አሉ። እኔ ደግሞ ጆንያውን ገና አላነሳሁትም! መቼም በጠርዙ ሾልኮ ይሆናል። በጠርዝ የሾለከው እንዲህ ካስደሰታቸው ሙሉው ሲገባ ምን ሊሉ ነው ብዬ ቸኩዬ ገለጥኩት። ሙሉው ሲገባም ያንኑ ነው ያሉት።

ከዚያ ወርጄ ገባሁ። ጓዳውን እንዲህ አይቼው አላውቅም። ግድግዳው ላይ የፍቅርተ ፎቶ አለ፤ እዚያ መሰቀሉንም ረስቼው ነበር። ስቃለች። እኔ ሳላያት እሷ በጨለማ ስትስቅ ነው የኖረችው። መዶሻዬን ፍለጋ ቶሎ ወጣሁ።

ሐምሌ 2

ዛሬ እማማ በእኩለ ቀን፣ ልክ ከብርሃኑ ሥር፣ እኔ ከሳሎን ያስገባሁትን በርጩማ መትተው ውሃ ደፉ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ጠባብ ነው የሠራሁት። የቱቦው አፍ ሰፋ ማለት አለበት።

ሐምሌ 6

አሰፋሁት። አሁን ጓዳው ውስጥ ዳዊት ይነበባል። እኔ ራሴ መነጽር ሳላደርግ አነበብኩ።

እማማ አሁንም በግድግዳው በኩል እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። የልማድ ነገር ነው። ስንት ዓመት በጨለማ የኖረ ሰው እግሩ በአንድ ቀን አይማርም።

ሐምሌ 10

ከተማው ጉድ ብሏል! ዛሬ ገበያ ሳልፍ አንዱ «በላይነህ፣ ፀሐይ በሜትር ስንት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። «ለአንተ ጨረቃ ይበቃሃል!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከገሳይ ድረስ አንድ ባለሱቅ መጥቶ ዕቃ ቤቴን አብራልኝ ብሎኛል። የሐሙሲት ሰዎችም ጠይቀዋል። እንቅልፍ የለኝም፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ቱቦ ነው የሚታየኝ።

ሐምሌ 12

ተናድጃለሁ።

ጀማል ቤት ላሜራ ልወስድ ስገባ ዘቢባ ከኋላ ክፍል ለጀማል ስትነግረው ሰማኋት፦ «ለሴትዮዋ ብሎ እንዳይመስልህ። ብቻውን መቅረት ፈርቶ ነው፣ ምስኪን።»

ምስኪን! እኔ! ምንም ሳልወስድ ተመለስኩ። ሰው ደግ ሥራ ከሠራ ይሄው ነው ትርፉ፤ ምክንያት ይፈልጉለታል። እኔ ጨለማ አልፈራ፣ ብቸኝነት አልፈራ። ቤት ገብቼ እማማ ጓዳ ውስጥ ሲያስሉ ስሰማ ነው የበረደልኝ።

ሐምሌ 19፣ ማታ



ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የጉና በረዶ፣ ዕንቁላል የሚያህል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጓዳችን ጣራ ላይ የደፋሁት የብርጭቆ ሳህን ትዝ አለኝና እየሮጥኩ መጣሁ። ስገባ ሳህኑ ረግፎ፣ የታቹንም ክዳን ሰብሮ ጓዳው ወለል ላይ ተበትኗል። ያ ሁሉ ስብርባሪ በብርሃኑ ያብለጨልጫል፤ ከሳሎኑ በር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። እማማ ከአልጋቸው ተነሥተው በባዶ እግራቸው ቀጥ ብለው እየመጡ ነው። «እማማ ይቁሙ!» ብዬ ስጮህ ረግጠውት ነበር።

ደሙ! ዘቢባን ጠራኋት። መጥታ በመቆንጠጫ አወጣችላቸው፣ አጠበች፣ አሰረች። አንዴ እንኳ አላቃሰቱም። ስትወጣ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«ጋሽ በላይ፣ እማማን ፊታቸውን አይተህ ታውቃለህ?»

«አማቴን? ምን ነክቶሽ ነው?»

«እኔ እግራቸውን ሳስር ጎንበስ ብዬ ከሥር አየኋቸው። ዓይናቸውን ሐኪም ይይላቸው።»

ዓይን ምን አገባው? የተሰበረ ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆ ማን ያየዋል? ማንም አያየውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በረዶ በሚጥልበት አገር ብርጭቆ የሚተክል ቂል እኔ ነኝ። ነገ በወፍራም ፕላስቲክ እቀይረዋለሁ።

እኔ ግን ከበሩ ላይ ሆኜ አይቼው ነበር።

ሐምሌ 21

ፕላስቲኩ ከብርጭቆው ይሻላል! ድንጋይ ወረወርኩበት፣ ነጠረ። ብርሃኑም ለስላሳ ነው። ወደ ገሳዩ ባለሱቅ ነገ እሄዳለሁ። ሥራ በዝቷል፣ ስለ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ የለኝም።

ሐምሌ 28

የሺ ደወለች። ትኬት ቆርጣለች። «ጓዳው በርቷል፤ ነይና እይ!» አልኳት። «እናያለን» አለች። እናያለን ስትል ልክ ፍቅርተን ነው የምትመስለው።

ሁለተኛ ቱቦ ልጨምር ይሆን? አንዱ ከአልጋው በላይ፣ አንዱ ከበሩ በላይ ቢሆን…

ነሐሴ 6

እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ፍልሰታ ነው። እማማ ማኅበርተኞቻቸው ከቅዳሴ መልሰዋቸው ጓዳ ነበሩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል። እኔ የሁለተኛውን ቱቦ ቦታ ልለካ ገባሁ፤ በዝናቡ ድምፅ አልሰሙኝም። እግሬ ደፉን እንዳለፈ ዝናቡ አባራ፣ ደመናው ተሰነጠቀና ፀሐይዋ ቀጥ ብላ በቱቦው ወረደች። ያን ያህል ብርሃን ይገባል ብዬ እኔም አልጠበቅኩም። እማማ ልክ ከሥሩ ቁጭ ብለዋል። ብቻቸውን ስለመሰላቸው ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ሙቀቱ ፊታቸውን ሲነካው ቀና አሉ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ፀሐይዋ። እኔ ከጎን ሆኜ እንኳ ዓይኔ እያለቀሰ ነው፤ እሳቸው አልጨፈኑም።

ያኔ አየሁ። ወግ ነው፣ ነውር ነው፣ ሁሉም ጠፋኝና ትክ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ብሌናቸው ነጭ ነው። አጥሚት ጠብ ያለበት ይመስላል።

መለኪያው ሜትር ከእጄ ወደቀ። «ማነው?» ብለው ነጠላቸውን ሳቡ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ከመቼ ጀምረህ ነው የቆምከው?»

ጎንበስ ብዬ ሜትሩን አነሣሁ። እሳቸው አወቁ። «አየህብኝ» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ፍቅርተ ሳትሞት ጀምሮ ነው የደበዘዘባቸው። እህታቸው እቴነሽ እንዲህ ሆና አንድ መድኃኒተኛ የዓይንሽን ሞራ በመርፌ ልግፋልሽ ብሏት፣ ትንሽ የቀረውም ብርሃን ጠፍቶባት ስትጮህ ነው የሞተችው። ስለዚህ ጠበል እየተጠመቁ ዝም አሉ። «ልጄ ከሞተች በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ የልጄ ባል ነህ እንጂ ከሆዴ አልወጣህ። ዕውር አሮጊት የምትጦረው በምን ዕዳህ ነው? ጨለማው ነው፣ ጨለማው ነው እያልክ ስትሮጥ፣ ይሁን፣ ጨለማው ይሁን አልኩ።»

«ታዲያ በራ ያሉኝስ?»

«ድምፅህ ደስ ብሎት ነበራ» አሉ።

ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ጣራ ስቀድ፣ ቱቦ ሳሰፋ! አፍንጫዬ ሥር ያለውን ትቼ ፀሐይን ከሰማይ ስጎትት! ዘቢባ ነግራኝ ነበር፤ በርጩማው ነግሮኝ ነበር፤ ያ ስብርባሪ ነግሮኝ ነበር። የበራለት ደንቆሮ ማለት እኔ ነኝ።

ስወጣ «ለየሺ እንዳትነግራት። ካወቀች ባዶ እጇን አትመለስም» አሉኝ። ቃል አስገቡኝ። ገባሁ።

ነሐሴ 8

ዘቢባ የምትለው እውነት ከሆነ ልቤ ሊፈነዳ ነው! ይህ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይባላል፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ እንደ ድሮው በመርፌ መግፋት አይደለም። የጀማል እናት አምና ተደርጎላቸዋል፤ አሁን ሩዝ ይለቅማሉ። በጳጉሜ እዚሁ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ዘመቻ አለ።

ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። «እቴነሽንም እንዲሁ ነበር ያሏት» አሉና ተኙ።

ነሐሴ 12፣ ማታ

ውጭ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። ነገ ቡሄ ነው። የሺ ዛሬ ከሰዓት ገባች።

እማማ አቅፈዋት አለቀሱ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው። እንባ መስሏት አለፈች። ከዚያ ጓዳውን አየች። ቆመች። ዞረች፣ ኮርኒሱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ የእህቷን ፎቶ አየች። «ጋሼ በላይ» አለች፣ «ይሄ ከእኔ ሳሎን ይበልጣል እኮ!» ሳቀችም አለቀሰችም። «እንግዲህ ጨለማ ነው ብዬ አልወስዳት። አሸነፍከኝ።»

አሸነፍኩ! ስጠብቃት የነበረችው ቃል ይቺ ነበረች። እማማ አልጋቸው ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ነን። አፌን ብዘጋ ይቀሩልኛል። ጧት ጧት ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ስወጣ «ደህና ዋል» ይሉኛል፣ ማታ ስገባ ቤቱ ባዶ አይሆንም። አዎ፣ ዘቢባ ልክ ነበረች፤ ይሄን ነው የፈራሁት። ግን እሳቸው ብርጭቆ እየረገጡ ነው የሚቀሩልኝ።

ነገርኳት።

የሺ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማ «አሳልፈህ ሰጠኸኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። የሺ ግን ታናግረኛለች፤ ወይኔ ስታናግረኝ! «አብረህ እየኖርክ እንዴት አታይም?» ትላለች። አማቴ ናቸው ስላት «አማት ሰው አይደለችም?» አለች።

ነሐሴ 20

የጀማል እናት መጡ። ጓዳ ገብተው እማማ አጠገብ ቁጭ አሉና የነጠላቸውን ጥለት ቀለም በቀለም ቆጠሩላቸው። «ሰማንያ ዓመቴን ካለፍኩ ወዲያ ነው ይሄን የማየው፤ ምን ያስፈራዎታል፣ አንቱ?» አሏቸው። እማማ «ያማል?» ሲሉ ሰማሁ። ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ነው! እሰይ!

ነሐሴ 27

እማማ ለየሺ እንዲህ አሏት፦ «መጀመሪያ ዓይኔ ይታይልኝ። ከዚያ የምኖርበትን እኔ እመርጣለሁ።» እኔን አሁንም አያናግሩኝም።

ባይድኑ የሺ ትወስዳቸዋለች። ቢድኑ ደግሞ ከከዳቸው አማች ጋር ምን አስቀመጣቸው? በሁለቱም በኩል እኔ ቀሪ ነኝ። እንዲያም ሆኖ ቀኑ አልደርስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ቀን እየጠበቅኩ ነው።

ጳጉሜ 2

ገቡ። አንዱን ዓይን ብቻ ነው ዛሬ፣ ሌላው ሌላ ጊዜ። ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ከየገጠሩ፣ በበቅሎ የመጣ አለ። የሺ እጃቸውን ይዛ ገባች። እኔ ውጭ።

ወጡ። ጨርቅ ታስሮባቸዋል። ደህና ናቸው ተባለ። ነገ ይፈታል። ምንም አልበላሁም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል ነው፤ ሰው ሁሉ ዝናቡን እየጠበቀ ልብሱን አውልቋል። ሆስፒታል አልሄድኩም። ፈራሁ። ጣራ ላይ ወጥቼ ክዳኑን በሳሙና አጠብኩ፣ ወርጄ ጓዳውን ጠረግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ።

እኩለ ቀን ላይ ገቡ። የሺ ከኋላ ናት፣ እሳቸው ከፊት። ግድግዳውን አልዳሰሱም። ደፉን ቁልቁል አይተው አለፉት። ጓዳው መሀል ቆመው ቀና አሉ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ እማማ፣ ይቺ ናት።»

«ይቺን ለምታህል ነገር ነው ክረምቱን ሙሉ ጣራ ላይ የኖርከው?»

የሺ ሳቀች። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው። ካኮረፉኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ስለሆነ ያም በቅቶኝ ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ፊቴ ቆመው።

«ወደዚህ ና። ከብርሃኑ ሥር ቁም። ቀና በል፣ ልይህ።»

ቀና አልኩ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ እንባ አቅርሯል፣ ግን ያያል። እኔን ያያል። ከግንባሬ ጀምረው ዝቅ እያሉ አዩኝ።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«ከፍቅርተ ወዲህ ነው፣ እማማ።»

«ሁሉም?»

«በዚያው ዓመት ነው።»

እጃቸውን አንሥተው ፀጉሬን ነኩት። «እንባህን አላየሁልህም» አሉ። «በአርባዋ ማግስት መዶሻ ይዘህ ስትወጣ ሰማሁ። ልጄን ረሳት ብዬ እስከ ዛሬ ቂም ይዤብህ ኖርኩ። ሳላይህ።»

ከዚያ ወደ የሺ ዞረው «አንቺ ሂጂ፣ ለመስቀል ተመልሰሽ ነይ። እኔ እዚሁ ልጄ ጋ ነኝ» አሏት።

አለቀስኩ። አማቴ ፊት፣ በቀትር፣ የሺ እያየችኝ አለቀስኩ። ማንም ዝም በል አላለኝም።